ስምንት አቅጣጫ ያላት ታንኳ

ነሐሴ 5፣ ሰኞ፤ ከሰዓት በኋላ

ትርጉሙ ቀጥሏል። ዛሬ የወደቡ ክፍል። ለትልልቆቹ ጀልባዎች «ወደብ»፣ ለታንኳ «ማረፊያ» አልሁ፤ ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት ስንፍና ነው። «ጭነቱ የሚወስደው አጥቶ ተበላሽቷል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ረዝሞ ከጨዋታው የጽሑፍ ሳጥን ወጣ። አሳጠርሁት፦ «ጭነቱ ተበላሸ»። ትርጉሙ ጠበበ፤ ሳጥኑ ግን አይሰፋም።

ቤ/መጻሕፍቱ ጭር ብሏል። ኮሌጁ ተማሪዎቹን ለክረምት ስላሰናበተ ከእኔና ከጥበቃው በቀር ሰው የለም። የመጻሕፍቱን ምዝገባ ጠዋት ጠዋት እጨርስና ከሰዓት በኋላውን ለሐይቁ እሰጣለሁ። ኃላፊዬ ፈቅደውልኛል። ጠይቄ ነው፤ ሳልጠይቅ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር አልነካም።

ነገሩን አንድ ጊዜ በሥርዓት ልጻፍልህ፣ ማስታወሻዬ፤ እስከ ዛሬ በቁርጥራጩ ነው የነገርሁህ። ጨዋታው እኔ ሳልወለድ የወጣ ነው። መንገድ ትዘረጋለህ፣ ሐዲድ ታነጥፋለህ፣ ጀልባ ትገዛለህ፣ ከከተማ ከተማ ሰውና እህል ታመላልሳለህ። የሠራው ድርጅት ትቶታል፤ በአዲስ ኮምፒውተር ላይም አይከፈትም። የሚወዱት ሰዎች ግን ከየአገሩ ተሰባስበው፣ ያለ ክፍያ፣ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምረው እንደገና ጻፉት። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነብበዋል፣ ያወቀ ያርመዋል። ከአሮጌውም ተሽሏል። ካርታው ሰፍቷል፣ ባቡሮች መስቀለኛው ላይ ተፋጥጠው አይቀሩም፣ ጀልባዎች ደሴት መዞር ተምረዋል። እኛ፣ ማለትም እኔና ኤፍሬም (ከዚህ በኋላ ኤ.)፣ የጣናን ካርታ፣ አማርኛውንና የእኛን የዘመን አቆጣጠር እየጨመርንበት ነው። ኮዱና ቃሉ የእኔ፣ ሥዕሉ የእርሱ። ለመስከረም በሚወጣው እትም እንዲገባ እስከ ነሐሴ 25 መድረስ አለበት።

ኤ. ሥራ የለውም። ከተመረቀ ሁለተኛ ክረምቱ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የአኒሜሽን ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶታል፤ ማመልከቻው ላይ በዋና ሥራነት ያሰፈረው ይህንኑ ሐይቅ ነው። መቸኮሉን አልፈርድበትም።

መብራት ሄደ። አቆምሁ።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ፤ ጠዋት

ውርደት። «ባቡር ጠባቂ» ጻፈልኝ። (የሥራው ሁሉ አስተባባሪ ነው። እውነተኛ ስሙንም አገሩንም አላውቅም፤ ሁላችንም በዚህ ስም እንጠራዋለን።) በትሕትና ይጠይቃል፦ በእናንተ ካርታ ላይ በዓመቱ መጨረሻ ለአምስት ቀን ሐይቁ በዓሣ የሚጥለቀለቀው የአገሩ ልማድ ነው ወይ?

ፈተሽሁ። ስሕተቱ የእኔ። ጨዋታው ወር በዘጋ ቁጥር ዓሣው ይሰገራል፣ እህሉ ይታጨዳል፣ ከተማው ያድጋል፣ ደመወዝ ይከፈላል። አሥራ ሦስተኛዋን ወር ስጨምር እንደ እኅቶቿ አድርጌ ቈጠርኋት። ስለዚህ ጳጉሜ በአምስት ቀኗ የሠላሳ ቀን ምርት ታወጣለች። ይህን ስሕተት ለመሥራት ኢትዮጵያዊ መሆን ያስፈልጋል።

ለኤ. ደውዬ ነገርሁት። ሳቀ፣ ሳቀ። «በጳጉሜ ደመወዝ የሚከፍል አገር ከተገኘማ እኔንም እዛ ካርታ ውስጥ ጣይኝ፣ ማሂ!» አባቱ የፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው፤ ከአርባ ምንጭ ተቀጥረው መጥተው እዚህ ወለዱት። ጳጉሜ በመጣ ቁጥር በቤታቸው ሽሮ ይነግሣል ይላል።

አረምሁት። ጳጉሜ ከነሐሴ ጋር አብራ ትዘጋለች። እንደ ማንኛውም ደመወዝተኛ ቤት።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ በረንዳው ላይ ኮምፒውተር ታቅፌ አገኙኝ። የቅኔ መምህር መሆናቸውን ታውቃለህ፤ በሐይቁ ዳር ባለ ደብር ጉባኤ ዘርግተው ያስተምራሉ። ከጾሙ የተነሣ ከስተዋል። መነጽራቸውን አስተካክለው አጎነበሱ። ይህ ውኃ ጣና ነውን? ነው አልኋቸው። ዘጌ በየት በኩል ነው? አሳየኋቸው። ደሴቶቹን አንድ በአንድ ጠሩ፤ አንዷን ዘልያት ኖሯል። እዚያው ጨመርኋት።

ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። የሰው ሥራ አይደለም ወይ፤ ባለቤት እያለው ምን አግብቷችሁ ትቀዱታላችሁ? አስረዳሁ። የምንወስደው ደንቡን ነው፤ መንገድ ሲሠራ ከተማ እንዴት እንደሚያድግ፣ ጭነት ሲዘገይ ምን እንደሚሆን። ኮዱ ግን በሙሉ አዲስ ነው። ከአሮጌው አንድም ሥዕል፣ አንድም ድምፅ አይወሰድም፤ የሥራው የመጀመሪያ ሕግ ይህ ነው። ሕጉ ከተጣሰ ባለመብቱ ድርጅት በአንድ ክስ ሁሉን ሊያዘጋው ይችላል፤ የስንት ሰው የስንት ዓመት ድካም።

«እንዲያ ከሆነስ የቅኔ ቤት ሥርዓት ነው» አሉ። መምህሩ ልክ ይሰጣል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ ዜማውም የታወቀ ነው፤ ተማሪው በዚያው ልክ የራሱን ይቀኛል። ልክ መውሰድ ትምህርት ነው። ቃል የወሰደ ግን በጉባኤው መካከል «ይህስ የትናንቱ የእገሌ ነው» ይባላል። አንዱ ተማሪያቸው እንዲያ ተይዞ «ትናንት» የሚል ስም ወጣለት። ዛሬ አንበሳሜ ላይ ትልቅ ሰው ነው፤ የጉባኤ ጓደኞቹ ግን እስከ አሁን «መሪጌታ ትናንት» ይሉታል አሉና ሳቁ። አባቴን በጾም ሲስቁ ማየት ብርቅ ነው። እኔም ሳቅሁ።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

የኤ. ሥዕሎች በሙሉ ደረሱ። ቡሄ ጨፋሪዎች ደጃቸው ላይ እየጮኹ ነው የጨረስኩት ይላል።

ያምራሉ። ማጋነን ስለማልወድ ሁለተኛ ጊዜ አየኋቸው፤ ቃሉን አልለወጥሁም። ዘንባባ በግራና በቀኝ የተሰለፈበት መንገድ። ጥፍር የማታክል ሰማያዊ ባጃጅ፤ ሆኖም የኋላ መጋረጃዋ ይለያል። ዋርካ። ጆሮውን ብቻ ከውኃው ያወጣ ጉማሬ። በእንፍራንዝ በኩል ያለው የሽንብራ ማሳ። የጀልባ ማረፊያ፤ የመብራቱ እንጨት ወደ ውኃው ዘንበል ያለ። የደንገል ሣር ታንኳዋም አለች። በዚህ ጨዋታ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ስምንት ጊዜ ይሣላል፤ ለአራቱ ማዕዘንና ለመካከላቸው። ስምንቱንም ሠርቷታል። በጣም የፈራሁላት እርሷን ነበር።

የተረፈው ሥራ፦ ሥዕሎቹን አስገብቶ መፈተሽ። በጊዜው እንደርሳለን።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ታንኳዋን ከዘጌ ቡና አስጭኜ ለቀቅኋት። ምልልሷን እከታተላለሁ። ወደ ሰሜን ምዕራብ ስትዞር ከኋላዋ በአየር ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ቢጫ ነጥብ። ስትዞር ትጠፋለች። ስትመለስ አለች።

ነጥቧን አውቃታለሁ። በአሮጌው ጨዋታ የቀዘፋ ጀልባ ላይ፣ በዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው ቦታ ነጭ ነጥብ አለች። የያኔው ሠዓሊ እጁ ስቶ የተዋት ናት። ጨዋታውን የሚወዱ ሰዎች «ወፊቱ» ይሏታል።

ሁለቱን ሥዕሎች አጎላሁ። አንዱን በአንዱ ላይ አስተኛሁ። ገጠሙ። ቀለሙ ወደ ደንገል ቢጫ ተለውጧል፣ የታንኳዋ አፍንጫ ወደ ላይ ተቆልምሟል፤ ሆዷና ኋላዋ ግን ያው የእንጨት ጀልባ ነው። ስምንቱም። ስሕተት በአጋጣሚ ሁለት ቦታ አይወለድም።

ደነገጥሁ። ተቆጣሁ። ቀጥሎ ራበኝ። እናቴ ለዛሬው ፍስክ የሠራችውን ወጥ አሞቀችልኝ፤ በላሁ። አሁን ቁጣው የለም። ከቁጣው የሚብስ ነገር ነው ያለው፤ ስም አላገኘሁለትም።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ፤ ማምሻ

ኤ.ን በሐይቁ ዳር ባለው ጁስ ቤት አገኘሁት። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን በስልኬ አሳየሁት። ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ ከአሮጌው ነው የወሰድኸው?

«አዎ» አለ። ሳያወላውል። ይህን በግልጽ እጽፋለሁ፤ ለእርሱ ሊቈጠርለት ይገባልና።

ምክንያቱን አስከተለ። ታንኳ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ውኃ ያዞረዋል። ከጎኗ የተነሣ ፎቶ ሞልቷል፤ ከኋላዋና ከሰያፍ የተነሣ ግን አጣ። ሌላውን ሁሉ ጨርሶ እርሷ ብቻ ስትቀር አሮጌውን ጀልባ ከሥር አስቀምጦ ከላይ ቀባው።

«ማሂ፣ የጥፍሬን ግማሽ የማታክል ነገር እኮ ናት። ባለቤቶቹ ራሳቸው ረስተዋታል። ማን ያያታል?»

እኔ አየኋት አልሁት።

«አንቺማ! አንቺ ዳዊት ሲደገም ነጥብ ጎደለ ብለሽ ካህን የምታስቆሚ ሰው ነሽ።»

(አስቆኛል። አላሳየሁትም።) ወይ አንተ ለባቡር ጠባቂ ጻፍለት፣ ወይ እኔ እጽፋለሁ አልሁት። ፈገግታው ሄደ። ቃለ መጠይቁ በጳጉሜ መግቢያ ነው። እርሱን ልጨርስና ከዚያ እንደፈለግሽ አድርጊው፣ ስቀይኝም አለ። እምቢ አልሁ። እትሙ ከወጣ በኋላ የስንቱ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፤ የፈሰሰ ውኃ ነው። ከእኛ ሐይቅ የተነሣ የሌላው ሁሉ ሥራ ለክስ ይጋለጣል።

«አንቺ ሥራ አለሽ» አለኝ። ይህን ብቻ። ለሁለታችንም ከፍሎ ወጣ።

የተናገረው እውነት ነው። ውሳኔዬን ግን አይለውጠውም። አይለውጠውም ወይ? አይለውጠውም።

ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

ኤ. ስልክ አያነሣም። ኢንተርኔቱም ከትናንት ጀምሮ የለም። ዝናብ። ሐይቁ ቡና በወተት መስሏል።

ራሴን መረመርሁ። ሕጉን ነው የማስከብረው ወይስ ልክ መሆኔን? ሁለቱም አለበት። የመጀመሪያው ስለሚበዛ እቀጥላለሁ።

አባቴን ስም ሳልጠራ ጠየቅኋቸው። አንድ ሰው ከብዙ ሥራው መካከል አንዱ የሰው ሆኖ ቢገኝስ? አላመነቱም። ይውጣ አሉ። ሥራው ነው ወይስ ሰውዬው? ሰውዬውም፤ አንድ የሰረቀ ሌላውን አልሰረቀም ብሎ የሚምልለት ማን ነው አሉ። ተማሪዎቻቸው መጡባቸውና ተነሡ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ኢንተርኔቱ ተመለሰ። ለባቡር ጠባቂ ጻፍሁ፦ የታንኳዋ ስምንት ሥዕሎች የተሠሩት በአሮጌው ጀልባ ላይ ነው፤ እናውጣቸው። ምክንያት አላበዛሁም፣ ክስም አላበዛሁም። ከመላኬ በፊት ለኤ. ላክሁለት፤ ከጀርባው እንደማላደርገው ይወቅ።

ከምሳ በኋላ መለሰ። «ላኪው።» ጥቂት ቈይቶ ደግሞ፦ «ግድፈት የለውም። እንደ ጸሐፊዋ።»

ሁለተኛውን ምን ብዬ እንደምወስደው አላውቅም። ላክሁ።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

የባቡር ጠባቂ መልስ። ታንኳዋን አውጥቷታል፤ ስለነገርሁትም አመስግኗል። የዘመን አቆጣጠሩና አማርኛው ንጹሕ ስለሆኑ ለመስከረሙ ይገባሉ፤ ስሜም ከሠሩት ሰዎች ዝርዝር ላይ ይጻፋል። ልደሰት ሲገባኝ ቀጣዩን አንቀጽ አነበብሁ።

ደንቡ እንዲህ ነው፦ ከአንድ ሰው ሥዕሎች አንዱ የተቀዳ ሆኖ ከተገኘ፣ የቀሩትን የሚያውቅና በስሙ የሚቆምላቸው ሰው ያስፈልጋል። ካልተገኘ ሁሉም ይወጣሉ፤ የሰውየውም ስም ከዝርዝሩ ይፋቃል። ሐይቃችን ያለ ኤ. ሥዕሎች ባዶ ሰማያዊ ሰሌዳ ነው። ቀነ ገደቡን ለእኛ ሲል እስከ ሐሙስ ገፍቶታል። ትቆሚላቸዋለሽ ወይ? ይላል። አይጫነኝም። ጥያቄው ብቻ።

የአባቴ ጥያቄ ነው። ቃል በቃል ሊሆን ምንም አልቀረውም።

መመርመር አለብኝ። ሳልመረምር አልምልም።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ትናንትና ዛሬ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ከአሮጌው ጋር አስተያየሁ። ዓይኔ ቀልቷል። ዛፉ የእርሱ ነው። ባጃጇ የእርሱ ናት፤ በአሮጌው ጨዋታ ባጃጅ ከየት ይመጣል። ጉማሬው፣ ማሳው፣ የቆርቆሮ ቤቶቹ፣ የደብሩ ጉልላት፤ ሁሉም የእርሱ። በዚህም መካከል ደስ አለኝ። የሰውን እጅ በዚህን ያህል ቅርበት አይቼ አላውቅም። ጥላን ሁልጊዜ በወይን ጠጅ ቀለም ነው የሚጀምረው፤ ይህን ራሱም የሚያውቀው አይመስለኝም።

አንድ ቀረ። የጀልባ ማረፊያው።

በአሮጌው ጨዋታ ውስጥም ትንሽ ማረፊያ አለ፤ የመብራት እንጨቷ ወደ ውኃው አዘንብላለች። የኤ.ም አዘንብላለች። ሌላው አይመሳሰልም። ወለሉ ሌላ፣ ጣሪያው ሌላ። አንዱን በአንዱ ላይ ሳስተኛ አይገጥምም። ግን ያ ዘንበል ማለት።

ደወልሁለት። አነሣ! በቀጥታ ጠየቅሁት። አይደለም አለ። ትልቁ ጀልባ ከሚቆምበት አልፎ ያለውን አሮጌ ማረፊያ አይቶ ነው የሣለው፤ እንጨቱ እዚያም ዘንበል ያለ ነበር። የወረቀት ንድፍ አለህ ወይ? የለውም፤ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ነው የሚሠራው። «ነገ እንሂድና እይው» አለኝ። ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም። ድካም ነበር።

ስለ አንበሳሜው መሪጌታ አሰብሁ። በዚያን ጊዜ ስቄአለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የተቀኘውን ሁሉ የራሱ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ማን መረመረለት? ስም ማውጣት ይቀልላል።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

ከኤ. ጋር ወደ ሐይቁ ዳር። ዝናቡ አባርቷል።

በመጀመሪያ ኤ. ታንኳ ይፈልጋል። ለመስከረሙ እንደማይደርስ ያውቃል፤ ቢሆንም እንደገና ሊሠራት ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ወደ ዳር ሲጠጉ ኤ. ወደ እርሳቸው ሮጠ። አባባ፣ እባክዎን እዚያው ላይ አንድ ጊዜ ይዙሩልኝ፤ ግን በየመካከሉ እየቆሙ። ሰውዬው ዘንጋቸውን ውኃው ውስጥ ተክለው አዩት። «ከማን ጋር ነው ያለኸው?» አሉ። ኤ. ወደ እኔ ጠቆመ። «እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ እቴ?» አሉኝ። አዎ፣ ግን ክፋት የለበትም አልኋቸው። ዞሩለት። በየአቅጣጫው ሲቆሙ ኤ. ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ያነሣል። «ታንኳ መሄጃ ነው እንጂ መሽከርከሪያ አይደለም» ይላሉ፤ ሆኖም ይዞራሉ። ሲጨርሱ «አሁን የትኛው ፊቴ አማረህ?» ኤ. በሳቅ ሊወድቅ። እኔም። ከጁስ ቤቱ ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን።

ታንኳዋን ከኋላ አየኋት። ጀልባ አይደለችም። የደንገል ነዶ ናት፤ ቀዛፊው ከፍ ብሎ ሌላ ነዶ ላይ ተቀምጧል፣ ውኃ በመካከሉ ይገባል ይወጣል። ይህን ሳናይ ነው ልንሥላት የተነሣነው። ሁለታችንም።

ቀጥሎ ወደ ማረፊያው። የለም። የሐይቁ ዳር እየታደሰ ነው፤ በቦታው አዲስ ንጣፍ ድንጋይ፣ አዲስ አጥር፣ በአንድ ረድፍ ቀጥ ብለው የቆሙ መብራቶች። ኤ. ቆሞ ቀረ። «እዚህ ነበር» አለ። እግሩን በንጣፉ ላይ አሳረፈ።

እዚያው ቈሎ የምትሸጠውን ሴት ጠየቅኋት፤ አሮጌው ማረፊያ የመብራት እንጨት ነበረው? ነበረው፣ ዘንበል ያለ አለች። አጠገቧ ያለው የጀልባ ረዳት ጮኸ፦ «የምን እንጨት! አምፖሉ ጣሪያው ላይ ነበር!» «አንተ ደግሞ ከመጣህ ገና ዓመትህ፣ ምን ታውቃለህ?» «አንቺ ቈሎሽን እንጂ ማረፊያውን መቼ አየሽ?» መጨቃጨቁን ቀጠሉ። እኛ ሄድን።

ኤ. በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። ከከበደሽ አውጪው፣ ማረፊያውን ብቻ፤ ማንም አይጠይቅሽም አለ።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

ዛሬ ማምሻ መልስ መስጠት አለብኝ። በተራ እጽፋለሁ፤ ሳልጽፍ ማሰብ አልችልም።

ኤ. እንዳለው ማረፊያውን በጸጥታ ማውጣት እችላለሁ። ቀላሉ እርሱ ነው። ጥርጣሬዬን ደብቄ ለቀሩት እምላለሁ ማለት ነው። ማን ያየዋል? ይህን ጥያቄ ጁስ ቤቱ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ከዚህም ሌላ፣ ሳልነግረው በኤ. ላይ መፍረድ ይሆናል። አይሆንም።

አልቆምም ማለት እችላለሁ። የእኔ ሥራ ይገባል፣ ስሜ ይጻፋል፣ እጄ ንጹሕ። የእርሱ ሁሉ ይወጣል። ነገ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው፣ «ሥራህን አሳየን» ሲሉት የሚከፍተው ገጽ ላይ ስሙን አያገኝም።

ማስረጃ የለኝም። ማስረጃዬ ንጣፍ ድንጋይ ሥር ነው። ያለኝ ቃሉ ብቻ። ስለ ታንኳዋ ስጠይቀው «አዎ» አለ፤ ያ «አዎ» ሥራውን ሊያሳጣው እንደሚችል እያወቀ። ስለ ማረፊያው ስጠይቀው «አይደለም» አለ። የመጀመሪያውን አምኜ ሁለተኛውን የማላምንበት ምክንያት ምንድን ነው? ፈለግሁ። ምክንያት አላገኘሁም። ፍርሃት ብቻ ነው ያገኘሁት።

አባቴን በምሳ ሰዓት እንደገና አነሣሁባቸው። ይውጣ አልተባባልንም ወይ አሉ። እኔ አላልሁም፣ አባቴ፤ እርስዎ ነዎት ያሉት አልኋቸው። በሕይወቴ እንዲህ መልሼላቸው አላውቅም። ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ወጡን ወደ እኔ አስጠጉልኝ።

10 ሰዓት ተኩል

ጻፍሁት። እንዲህ ይላል፦ ሥዕሎቹን በሙሉ ከአሮጌው ጋር አስተያይቻለሁ። አንዱ፣ ማረፊያው፣ በአንድ ነገር ይመሳሰላል። ቦታው ድረስ ሄጄአለሁ፤ ቦታው ተለውጧል፤ የጠየቅናቸው ሰዎች በሁለት ተከፍለዋል። ሠዓሊው አይቼ ነው የሣልሁት ብሎኛል፤ አምኜዋለሁ። ለሁሉም እቆማለሁ። ወደፊት ሐሰት ሆኖ ቢገኝ፣ የእኔንም አቆጣጠርና ትርጉም አብራችሁ አውጡ።

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ሰርዤ ሁለት ጊዜ መለስሁት። ይኖራል።

ከሥሩ ሁለት ስም በፊደል ተራ። «ማ» ከ«ኤ» ይቀድማል። ልፋቅ ያለ ከእኔ ይጀምር።

ላክሁት። አሁን ወደ ኤ. ቤት እሄዳለሁ፤ ሻንጣውን እያዘጋጀ ነው፣ ይህን በስልክ ልነግረው አልፈልግም።